ባለቤቱ የጠፋ ፓኬጅ ሲያጋጥማችሁ

ሊኑክስ ላይ የምትጠቀሙበት ፕሮግራም አዲስ ቨርዥን አውጥቷል። እናንተ ጋ ያለው ግን የዛሬ ሁለት ዓመቱ ነው። አፕዴት ትላላችሁ፣ ምንም የለም። የፓኬጁን (ፕሮግራሙን ለመጫን የተዘጋጀውን ጥቅል) ገጽ ስትከፍቱ ጊዜው ያለፈበት ነው የሚል ምልክት ተለጥፎበታል፣ ከታች ደግሞ «ኧረ ሰው የለም ወይ?» ዓይነት አስተያየቶች ተደርድረዋል። የመጨረሻው ከተጻፈ ስምንት ወር ሆኖታል። የመለሰ የለም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ተነጫንጮ ሌላ ፕሮግራም ይፈልጋል፣ ወይ «በቃ እኔ ልያዘው» ብሎ ዘው ይላል። ሁለተኛው ይሻላል፣ ዘው ማለቱ ግን ያስቸግራል። ፓኬጅ ስትረከቡ የምትረከቡት አንድ ፋይል ብቻ አይደለም፤ የማታውቋቸው ሰዎች ኮምፒውተር ላይ፣ ያውም ሲጫን በሩት (ሁሉን ማድረግ በሚችለው አስተዳዳሪ) ሥልጣን የሚሠራ ነገር የመጻፍ ፈቃድ ነው። ሰዎቹ ያመኑት እናንተን ሳይሆን የፓኬጁን ስም ነው። ባለቤቱ መቀየሩንም አብዛኞቹ አያዩትም።

ስለዚህ አካሄዱን ልንገራችሁ። ዋና ምሳሌዬ አርች የሚባለው የሊኑክስ ሥርጭት የተጠቃሚዎች ሪፖዚተሪ (የፓኬጅ ማከማቻ)፣ ኤዩአር ነው፤ ብዙ የዋልኩት እዚያ ስለሆነ። ሌሎቹን በየመሀሉ አነሳለሁ።

ለማያውቀው በአጭሩ፣ ኤዩአር ላይ የሚቀመጠው ፕሮግራሙ ራሱ አይደለም። ፒኬጂቢልድ የሚባል አጭር ስክሪፕት ነው። ሶርሱ (የፕሮግራሙ ኮድ) ከየት ይወርዳል፣ እንዴት ይገነባል፣ ፋይሎቹ የት ይገባሉ፣ እሱን ይናገራል። አካውንት ያለው ሁሉ መስቀል ይችላል። አርችም በግልጽ «በራሳችሁ ኃላፊነት ተጠቀሙ» ይላል።

በእርግጥ ተጥሏል ወይ?

ከሁሉ በፊት ይሄን አጣሩ። ተጥሏል ከሚባለው ውስጥ ያልተጣለ ሞልቷል።

መጀመሪያ የፕሮግራሙን የራሱን ገጽ እዩ። አዲስ የተባለው ቨርዥን የሙከራ ልቀት ሊሆን ይችላል፤ ጨዋ ባለቤት የሙከራውን ትቶ የተረጋጋውን ይጠብቃል። የፓኬጁ ስም «ጊት» (የኮድ ለውጥ መመዝገቢያው መሣሪያ ስም ነው) በሚል ቅጥያ የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ጭራሽ ሌላ ነው። እንዲህ ያለው ፓኬጅ ስትገነቡት ያን ጊዜ ያለውን የመጨረሻ ኮድ ራሱ ይጎትታል። ገጹ ላይ የምታዩት ቁጥር ባለቤቱ መጨረሻ የነካው ቀን የነበረው ነው። እሱን አይቶ «አርጅቷል» ብሎ ምልክት ማድረግ ስህተት ነው፣ ሰውም ያናድዳል።

ምልክቱ የራሱ ሥራ አለው። አዲስ ልቀት ወጥቶ ፓኬጁ ወደኋላ ሲቀር የሚደረግ ነው። «አልገነባ አለኝ» ለማለት አይደለም። አልገነባ ካለ አስተያየት ጻፉ፣ የስህተቱን መልእክት ሙሉውን አያይዙ። «አይሠራም» ብቻ ብሎ መሄድ ማንንም አይረዳም።

ቀጥሎ የባለቤቱን ሌሎች ፓኬጆች እዩ። ከሦስት ቀን በፊት ሌላ ፓኬጅ አድሶ ከሆነ ሰውየው በሕይወት አለ፣ ኮምፒውተሩም ይሠራል። ይሄኛውን የተወበት ምክንያት አለው ማለት ነው። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ አስተያየቶቹ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል፣ አንብቡ፣ በተለይ ከላይ የተሰካውን። እኔ አንዴ የአንድ ድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ፓኬጅ አርጅቶ አይቼ ልረከበው የሚል ጥያቄ ጽፌ ልልክ ስል ነው የተሰካውን አስተያየት ያየሁት። አዲሱ ቨርዥን አርች ላይ ካለው ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት ኮድ) ጋር አይጣጣምም፣ ገንቢዎቹ እስኪያስተካክሉ እየጠበቅሁ ነው ይላል። ሰውየው ሥራውን እየሠራ ነበር። እኔ ነበርኩ ያላነበብኩት።

አንድ ሌላ ልዩነት አለ፣ ሰው ሲያምታታው አያለሁ። ፓኬጁ መጣሉ ሌላ፣ ፕሮግራሙ ራሱ መጣሉ ሌላ። ገንቢው ሥራውን ካቆመ ስክሪፕቱን ብትረከቡም የምታድሱት ነገር የለም። ሌላ ሰው ኮዱን ወስዶ በሌላ ስም ቀጥሎት ከሆነ ለዚያኛው አዲስ ፓኬጅ ሥሩለት። የድሮውን ስም ይዛችሁ ውስጡን በሌላ ሰው ኮድ አትቀይሩት። ተጠቃሚው ያንን አልጠየቀም።

አናግሩት

ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባል የለ? ሰውየውን ሳታናግሩ ወደ ጥያቄ መሄድ እንደዚያ ነው። መጀመሪያ አስተያየት ጻፉለት፣ ኢሜይሉ ፒኬጂቢልዱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ካለ ኢሜይል ላኩለት። ቋንቋው እንግሊዝኛ ቢሆን ይሻላል፣ የት አገር እንዳለ ስለማታውቁ። ይዘቱ ግን እንዲህ ቢሆን፦

«ሰላም። ፓኬጅዎን ለሦስት ዓመት ተጠቅሜበታለሁ፣ ስለ ድካምዎ አመሰግናለሁ። ባለፈው ወር 2.4 ወጥቷል። ፒኬጂቢልዱን አስተካክዬ ሞክሬዋለሁ፤ ለውጡ ሦስት መስመር ነው፣ አያይዤዋለሁ። ጊዜ ካጠረዎት አብሬ ልንከባከበው እችላለሁ። መልቀቅ ከፈለጉም ልረከብ ዝግጁ ነኝ። የሚመችዎትን ይንገሩኝ።»

ልብ በሉ፣ የተሠራው ሥራ ተያይዟል። ሰውየው ማድረግ ያለበት አንብቦ መቀበል ብቻ ነው። ከ«መቼ ነው የምታድሰው?» ጋር አወዳድሩት። ነፃ ጊዜውን ለሰጠ ሰው ይሄ ጥያቄ የዕዳ ማስታወሻ ይመስላል፤ ብዙዎቹም ዝም የሚሉት ለዚህ ነው።

«አብሬ ልንከባከበው» የምትለዋን ደግሞ አትናቋት። ኤዩአር ላይ አንድ ፓኬጅ ከዋናው ባለቤት ሌላ ተባባሪዎች ሊኖሩት ይችላል፣ ዋናው ሲለቅም ፓኬጁ ለተባባሪ ይተላለፋል እንጂ ሜዳ ላይ አይወድቅም። ለብዙ ሰው «ልቀቅልኝ» ከማለት «ላግዝህ» ማለት ይቀላል። እኔ አሁን ከያዝኳቸው ግማሹ እንዲህ ነው የመጡት። ባለቤቱ ተባባሪ አደረገኝ፣ ከጥቂት ወር በኋላ አመስግኖ ወጣ። ጥል የለ፣ ጥያቄ የለ።

ከላካችሁ በኋላ ጠብቁ። ሁለት ሳምንት ስጡት። ሰው ይታመማል፣ ይወልዳል፣ ሥራ ይበዛበታል።

ጥያቄ ማስገባት

ዝም ካለ፣ ወደ መደበኛው መንገድ። ኤዩአር ላይ በፓኬጁ ገጽ በኩል የሚገቡ ሦስት ዓይነት ጥያቄዎች አሉ፦ ወላጅ አልባ (ባለቤት የሌለው) ይባል፣ ይሰረዝ፣ ከሌላ ጋር ይዋሃድ። እናንተ የምትፈልጉት የመጀመሪያውን ነው። ባለቤቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካልመለሰ የአርች ፓኬጅ ተንከባካቢዎች ጥያቄውን ተቀብለው ባለቤትነቱን ያነሱታል። ፓኬጁ 180 ቀን እና ከዚያ በላይ «ጊዜው ያለፈበት» ተብሎ ምልክት ተደርጎበት ከቆየ ደግሞ ጥያቄው በራሱ ያልፋል፣ የሰው እጅ አያስፈልገውም።

ይቺ 180 ቀን ሁለት ነገር ታስተምራለች። አንደኛ፣ ፓኬጁ ሲያረጅ ካያችሁ ምልክቱን ያኔውኑ አድርጉ፤ ቆጠራው የሚጀምረው ከዚያ ነው። ሁለተኛውን ወደ በኋላ እመለስበታለሁ፣ ጥሩ ዜና አይደለም።

ምክንያት ጻፉ ሲላችሁ አጭርና የሚጣራ ነገር ጻፉ። መቼ አዲስ ቨርዥን ወጣ፣ መቼ አስተያየት ጻፋችሁ፣ መቼ ኢሜይል ላካችሁ። «ባለቤቱ ሰነፍ ነው» አትበሉ። የምትጽፉት ነገር ለባለቤቱም ይደርሰዋል፣ በአደባባይም ይቀመጣል።

ይሰረዝ ብላችሁ አትጠይቁ፣ ስለተጣለ ብቻ። ስረዛ የሚጠየቀው ፕሮግራሙ ከዓለም ላይ ሲጠፋ፣ ወደ ዋናው የአርች ሪፖዚተሪ ሲገባ፣ ወይም የሌላ ፓኬጅ ቅጂ ሆኖ ሲገኝ ነው። ቅጂ ከሆነ እንዲያውም ውህደት ይሻላል፤ ተጠቃሚዎች የሰጡት የድጋፍ ድምፅና አስተያየት ወደሚቀረው ፓኬጅ ይዛወራል።

ሌላው ሰፈር ሕጉ ይለያያል፣ መንፈሱ ግን አንድ ነው። ዴቢያን የሚባለው ሌላ የሊኑክስ ሥርጭት ላይ «ፓኬጁን ላድነው አስቤያለሁ» የሚባል አሠራር አለ። ሐሳባችሁን የስህተት መከታተያው ላይ በአደባባይ ትጽፋላችሁ፣ 21 ቀን ትጠብቃላችሁ፣ ከዚያ የምትልኩት ፓኬጅ ራሱ ሌላ 7 ቀን ወረፋ ላይ ይቆያል፣ ባለቤቱ ከእንቅልፉ ቢነቃ ብሎ። ፌዶራ በሚባለው ሥርጭት ላይ ባለቤት የሌለው ፓኬጅ በ6 ሳምንት ውስጥ የሚያነሳው ካልተገኘ ከሥርጭቱ ይወጣል። የፓይተን ቋንቋ ፓኬጆች ማከማቻ፣ ፓይፒአይ፣ ከሁሉም ይጠነቅቃል። ባለቤቱ አለመገኘቱ ብቻ አይበቃም፣ ባለፉት 12 ወራት ምንም ልቀት አለመኖሩና ገጹም ላይ እንቅስቃሴ አለመታየቱ ይታያል። ስሙን የሚፈልገው ሰው ደግሞ በራሱ ቅጂ ላይ ምን እንዳሻሻለና በሌላ ስም ማውጣት ለምን እንደማይበቃው ማስረዳት አለበት። ሰው ሲያማርር እሰማለሁ፣ በጣም ይዘገያል እያለ። እኔ ግን መዘግየቱን እወደዋለሁ።

ለምን እንደምወደው

ያቺ ሁለተኛዋ ነገር እዚህ ጋ ናት። ለእናንተ የሚቀል መንገድ ለሌባም ይቀላል።

እ.ኤ.አ. በጁላይ 2018 ኤዩአር ላይ የሆነው ይኸው ነው። አክሮሪድ የሚባለው የአዶቤ ፒዲኤፍ ማንበቢያ ፓኬጅ ወላጅ አልባ ሆኖ ተቀምጦ ነበር። አንድ አካውንት መጣ፣ የሚረከቡበትን ቁልፍ ተጫነ፣ ባለቤት ሆነ። ምንም አልሰበረም፣ የማንንም የይለፍ ቃል አልሰረቀም። ከዚያ ፒኬጂቢልዱ ውስጥ አንዲት መስመር ጨመረ፦ በከርል (ፋይል ማውረጃ መሣሪያ ነው) ከውጭ ስክሪፕት አውርዶ የሚያስኬድ። ያ ስክሪፕት ሌላ ስክሪፕት ያመጣል፣ እሱን ደግሞ በሲስተምዲ ሰዓት ቆጣሪ በየ360 ሴኮንዱ እንዲሮጥ ያደርጋል። የሚሰበስበው የማሽኑን መለያ፣ የፕሮሰሰሩን ዓይነት፣ የተጫኑትን ፓኬጆች መረጃ ነበር። ሌሎች ሁለት ፓኬጆችም እንደዚሁ ተነክተው ተገኙ። ሰው ደርሶበት ለውጡ ተመለሰ፣ አካውንቱም ታገደ። ጉዳቱ ቀላል ሆኖ ያለፈው ስክሪፕቱ ራሱ በደንብ ስላልተጻፈ ጭምር ነው። የተሻለ የሚጽፍ ሰው ቢሆን ኖሮስ?

በዚያው ዓመት የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች ማከማቻ በሆነው ኤንፒኤም ላይ ኢቨንት ስትሪም በሚባለው ፓኬጅ የሆነው ደግሞ ይብሳል። የጻፈው ሰው ከተወው ቆይቷል፣ አይጠቀምበትምም፤ ፓኬጁ ግን በሳምንት ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይወርድ ነበር። አንድ የማያውቀው ሰው «ልንከባከበው» ብሎ ጻፈለት። ሰጠው። እኔም ብሆን እሰጠው ነበር መሰለኝ። ተረካቢው መጀመሪያ ጤነኛ ሥራ ሠራ፣ ከዚያ አንድ አዲስ ዲፔንደንሲ (ፓኬጁ የሚያስፈልገው ሌላ ፓኬጅ) አስገባ፣ እሱ ውስጥ ኮፔይ ከሚባል የቢትኮይን ዋሌት ገንዘብ ለመስረቅ የተጻፈ ኮድ ተደብቆ ነበር።

ሦስተኛው መንገድ ባለቤቱን ጭራሽ አያናግርም። እ.ኤ.አ. በ2022 ፓይፒአይ ላይ ሲቲኤክስ የሚባል ከ2014 ወዲህ ያልተነካ ፓኬጅ ነበር። የባለቤቱ ኢሜይል የራሱ ዶሜይን ላይ ነው፣ ዶሜይኑ ጊዜው አልፎ ወደቀ። አጥቂው ዶሜይኑን ገዛው፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያውን ወደዚያ ኢሜይል አስላከ፣ ገባ። የዶሜይን ዋጋ ነው የከፈለው፣ በቃ።

ይሄን ሁሉ የምነግራችሁ ለማስፈራራት አይደለም። ስትረከቡ ሌላው ሰው እናንተንም በዚህ ዓይን ሊያያችሁ መብቱ ነው። ተንከባካቢዎቹ ጥያቄ ቢያበዙባችሁ፣ ከርሞ የመጣ ተጠቃሚ «አንተ ማነህ?» ቢላችሁ አትቀየሙ። ሌላም አለ፦ ከእናንተ በፊት የነበረው ሰው ማን እንደነበር እናንተም አታውቁም። ስለዚህ፦

ከመንካታችሁ በፊት አንብቡ

ሪፖውን (የፓኬጁን ማከማቻ) በጊት ክሎን አድርጉት፣ ማለትም ወደ ራሳችሁ ቅዱት። ምንም አትገንቡ ገና። የለውጥ ታሪኩን ከታች ወደ ላይ አንብቡ፤ የአንድ ፓኬጅ ታሪክ ብዙ ጊዜ ከሃያ ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) አይበልጥም፣ ሻይ እየጠጡ የሚያልቅ ነው። ባለቤት የተቀየረበትን ቦታ ፈልጉ፣ እዚያ ላይ ቆም በሉ።

ከዚያ የምንጭ አድራሻዎቹን አንድ በአንድ። የፕሮግራሙ ትክክለኛ ገጽ ነው? ወይስ የሆነ ሰው የግል ማከማቻ? አንዴ የተረከብኩት ፓኬጅ ሶርሱን የሚያወርደው ከቀድሞው ባለቤት የግል ሰርቨር ነበር። ለክፋት ብሎ አልነበረም፤ ዋናው ገጽ በዚያን ጊዜ ወድቆ ስለነበር ቅጂውን እሱ ጋ አስቀምጦት ነው። ግን ያ ዶሜይን ነገ ቢወድቅስ? የሲቲኤክስን ነገር አስታውሱ።

የቼክሰሙን (የወረደው ፋይል አለመለወጡ የሚጣራበትን ቁጥር) መስመር እዩ። የጊት ምንጭ ላይ «ስኪፕ» ተብሎ ቢታለፍ የተለመደ ነው። ቋሚ ቨርዥን ባለው ታርቦል (የታሸገ የኮድ ፋይል) ላይ ስኪፕ ካያችሁ ግን የሆነ ሰው ሰንፏል፣ ወይም የሆነ ነገር ደብቋል። የሚጫን ጊዜ በሩት የሚሮጠውን ትንሿን የኢንስቶል ፋይል ደግሞ እስከ መጨረሻ መስመር አንብቧት። ከኢንተርኔት የሆነ ነገር የምታወርድ ከሆነ እዚያው አጥፏት፣ ጥሩ ምክንያት አላየሁም እስካሁን። የተያያዙ ፓች ፋይሎች (ኮዱ ላይ የሚደረጉ ትናንሽ ማስተካከያዎች) ካሉ አሁንም ያስፈልጋሉ ወይ? ብዙዎቹ ዋናው ፕሮግራም ውስጥ ከገቡ ዓመታት ያለፋቸው ናቸው።

የመጀመሪያው ኮሚት

ትንሽ ይሁን። አዲስ ባለቤት ሲመጣ ቤቱን ሁሉ ቀለም መቀባት ያምረዋል፦ ተለዋዋጮቹን ስማቸውን ይቀይራል፣ አማራጮችን ያነሳል፣ የሚወደውን ያስገባል። ተዉ። የመጀመሪያው ለውጥ ማንም በአንድ ደቂቃ አንብቦ የሚረዳው ይሁን።

ከላይ ባለቤት በሚለው መስመር የራሳችሁን ስም ጻፉ፣ የቀድሞውን ግን አታጥፉ። ወደ አስተዋጽኦ አድራጊነት መስመር አውርዱት። ልማዱ ነው፣ ይገባዋልም።

የቨርዥን ቁጥሩን አሳድጉ፣ ፒኬጂሬሉን (የስክሪፕቱን የእርማት ቁጥር) ወደ 1 መልሱ። ቨርዥኑ ሳይቀየር ስክሪፕቱን ብቻ ካስተካከላችሁ ግን የምታሳድጉት ፒኬጂሬሉን ነው። ቼክሰሙን በመሣሪያው አሳድሱ፣ ነገር ግን መሣሪያው የወረደውን ፋይል ቆጥሮ ይጽፋል እንጂ ትክክለኛው ፋይል መሆኑን አያውቅም። ገንቢዎቹ ቼክሰም ወይም ፊርማ የሚያወጡ ከሆነ ከዚያ ጋር አስተያዩ።

በራሳችሁ ማሽን ተገነባ ማለት ተገነባ ማለት አይደለም። እናንተ ጋ መቶ ነገር ተጭኗል፣ የጎደለ ዲፔንደንሲ ቢኖር አይታያችሁም። በንጹሕ ክሩት (ከማሽናችሁ በተነጠለ ባዶ ሲስተም) ውስጥ ገንቡት፣ ከዚያ ናምካፕን (የፓኬጅ ስህተት ፈላጊ ፕሮግራም) አስኪዱበት። ናምካፕ አንዳንዴ ያለ ነገር ይጮኻል፣ ግን የተረሳ ዲፔንደንሲ ሲይዝ ያስመሰግናል።

አሁን የራሴን ጥፋት ልንገራችሁ፣ ሁለቱም የመጀመሪያ ሳምንቴ ላይ የሆኑ ናቸው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እኔ ነኝ።

አንደኛው። አሳደስኩ፣ ገነባሁ፣ ፑሽ አደረግሁ (ወደ ኤዩአር ላክሁ)፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በነጋታው ገጹ አሁንም የድሮውን ቨርዥን ያሳያል፣ ሰው ደግሞ «አድሻለሁ አልክ፣ የት አለ?» ይለኛል። ከፒኬጂቢልዱ ጎን ኤስአርሲኢንፎ የሚባል ፋይል አለ፤ ድረ ገጹም፣ ሰዎች ከኤዩአር ለመጫን የሚጠቀሙባቸው አጋዥ ፕሮግራሞችም ቨርዥኑን የሚያነቡት ከእሱ ነው። ፋይሉ ጭራሽ ከሌለ ሰርቨሩ ፑሹን አይቀበልም። ያረጀ ከሆነ ግን ዝም ብሎ ይቀበላል። ሜክፒኬጂን (የአርችን ፓኬጅ መገንቢያ) አዲስ አውጣልኝ ማለት የአንድ ሴኮንድ ሥራ ነው፣ ከእያንዳንዱ ኮሚት በፊት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጊት ሁክ (ኮሚት ሲደረግ ራሱ የሚሮጥ ስክሪፕት) በራሱ እንዲሆን አድርጌዋለሁ፣ ራሴን ስለማላምን።

ሁለተኛው ትንሽ ረቀቅ ይላል። የቀድሞው ባለቤት ፕሮግራሙ የቨርዥን ቁጥር በሌለው ዘመን ቀኑን እንደ ቨርዥን ተጠቅሞ ነበር፦ 20190412። በኋላ ገንቢዎቹ ቁጥር መስጠት ጀመሩ፣ እኔም 1.3 ብዬ ሰቀልኩ። ለአዲስ ተጠቃሚ ሠራ። የድሮዎቹ ጋ ግን አፕዴት የሚባል ነገር አልመጣም፣ ለምን ቢሉ ፓክማን (የአርች ፓኬጅ ጫኚ) ሲያወዳድር ሃያ ሚሊዮን ከአንድ ይበልጣላ! እነሱ ጋ ያለው «አዲሱ» ነው። ሦስት ቀን ካለፈ በኋላ አንድ ደግ ሰው ነው የነገረኝ። መፍትሔው ኢፖክ የሚባለውን ቁጥር 1 ማድረግ ነው፤ ኢፖክ ከቨርዥኑ በፊት ስለሚታይ ሁሉንም ይበልጣል። ችግሩ አንዴ ካስገባችሁት ማውጣት የለም፣ ፓኬጁ እስካለ ድረስ አብሮ ይኖራል። ስለዚህ ስትረከቡ የድሮውን የቨርዥን አጻጻፍ ከአዲሱ ጋር ቀድማችሁ አወዳድሩ፣ ለዚህ የተሠራች ትንሽ ማወዳደሪያ ከፓክማን ጋር አብራ ትመጣለች።

ሲያልቅ ፑሽ አድርጉ። ኤዩአር የሚቀበለው ማስተር የሚባለውን የጊት ቅርንጫፍ ብቻ ነው፣ ታሪክ አጥፍቶ በግድ መግፋትም አይፈቅድም። ስለዚህ የተሳሳተውን ኮሚት መደበቅ አትችሉም። የእኔዎቹ እስካሁን አሉ።

ከዚያ ገጹ ላይ አጭር ማስታወሻ ተዉ። ባለቤቱ ተቀይሯል፣ የተቀየረው ይሄ ይሄ ነው፣ ችግር ካለ እዚህ ጻፉ። የቆዩትን አስተያየቶችም አንብቡ፤ ሰው ከዓመት በፊት የላከው ማስተካከያ እዚያ ተቀብሮ ይገኛል። ከተጠቀማችሁበት በኮሚቱ ላይ ስሙን ጥቀሱ።

ተጠቃሚ ብቻ ከሆናችሁ

መረከብ ባትፈልጉም አንድ ነገር አድርጉ። ፓክማን ከዋናው ሪፖዚተሪ ያልመጡትን ፓኬጆች ለይቶ መዘርዘር ይችላል። አስወጡት። እርግጠኛ ነኝ የረሳችሁት አምስት ስድስት ነገር ታገኛላችሁ፦ አንዴ ሞክራችሁ የተዋችሁት፣ ዋናው ሪፖዚተሪ ውስጥ ከገባ የከረመ። የማትጠቀሙበትን አንሱት። የቀሩትን ገጽ እየከፈታችሁ ባለቤት የሌላቸውን ለራሳችሁ መዝግቡ።

አጋዡ ፕሮግራም ደግሞ ሲያድስ ለውጡን ያሳያችኋል፣ እሱን ዝም ብላችሁ እሺ እሺ አትበሉ። የቨርዥን ቁጥርና ቼክሰም ብቻ ከተቀየረ ሁለት ሴኮንድ ነው። የባለቤት ስም፣ የምንጭ አድራሻ ወይም የኢንስቶል ፋይል ከተቀየረ ተቀምጣችሁ አንብቡ። የአክሮሪዷ መስመር እኮ በግልጽ የምትታይ ነበረች።

ስትለቁ

አንድ ቀን እናንተም ትተዉታላችሁ። ፕሮግራሙን መጠቀም ታቆማላችሁ፣ ወይ ሌላ ሲስተም ትቀይራላችሁ። ያኔ ዝም ብላችሁ አትጥፉ፣ 180 ቀን የሚቆጠረው እኮ በእናንተ ላይ ነው። መጀመሪያ ለረጅም ጊዜ አስተያየት ሲሰጡ የነበሩትን ጠይቁ፣ ሥራቸውን የምታውቁት አንድ ሰው አይጠፋም። ተባባሪ አድርጉት፣ ሁለት ሦስት ልቀት አብራችሁ ሥሩ፣ ከዚያ ውጡ። በኢሜይል ድንገት ለመጣ እንግዳ በማግሥቱ አታስረክቡ፣ ምንም ያህል ጨዋ ቢሆን።

ሰው ካልተገኘ ከላይ የሚሰካ አስተያየት ተዉበትና ፓኬጁን ልቀቁት። እኔ ባለፈው የለቀቅሁት ላይ የጻፍኩት ይሄን ነበር፦ «ከእንግዲህ አልጠቀምበትም። 3.1 በደንብ ይገነባል። ለ3.2 ሁለተኛው ፓች አያስፈልግም፣ አንሱት። ኢፖኩን እንዳትነኩት።»